የጣሪያ ሥር ጤዛን ለመከላከል የትኛው የአየር መተላለፊያ ይሻላል?

በኮርኒስና በጣሪያ ክዳን መካከል ባለው ባዶ ቦታ የሚፈጠር ጤዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ምልክት ይወጣል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የሻጋታ ሽታ ይሰማል፣ ወይም ለኤሌክትሪክ ሥራ ወደ ጣሪያው የወጣ ባለሙያ እንጨቱ መጥቆሩን አይቶ ይናገራል። ያን ጊዜ ለቤቱ ባለቤት የሚቀርቡለት አማራጮች ብዙ ናቸው፦ በከፈፉ ሥር የሚከፈት ክፍተት፣ በጣሪያው አናት የሚገጠም መተንፈሻ፣ በጎን ግድግዳ ላይ የሚሠራ ፍርግርግ፣ በነፋስ የሚዞር ተርባይን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማራገቢያ፣ ትነት የሚያሳልፍ የክዳን ሥር ንጣፍ። ሻጩ ሁሉ የያዘውን ያወድሳል። ይህ መመሪያ አማራጮቹን የሚመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የሚገጠመው ነገር እርጥቡን አየር ከጣሪያው ሥር ያስወጣል ወይስ ከቤቱ ውስጥ ተጨማሪ እርጥበት ስቦ ያመጣል የሚለው ነው።

የጤዛው መነሻ የሙቀት ልዩነት ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ገደማ የውሃ ትነት መያዝ ሲችል፣ 0 ዲግሪ ላይ የሚይዘው ከ5 ግራም አይበልጥም። ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም (በዚያ ሙቀት መያዝ ከሚችለው ትነት የያዘው እጅ) 60 በመቶ የሆነ የመኖሪያ ክፍል አየር 12 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ነገር ሲያገኝ ውሃውን መጣል ይጀምራል። ምግብ ማብሰል፣ ገላ መታጠብ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ማስጣትና መተንፈስ ሲደመሩ አንድ ቤተሰብ በየቀኑ ብዙ ሊትር ውሃ ወደ ቤቱ አየር ይለቃል፤ ይህም የሞቀ አየር ሽቅብ ይወጣል። ኮርኒሱ ላይ ወፍራም የሙቀት መከላከያ ሲነጠፍ የመኖሪያ ክፍሎቹ ሙቀታቸውን ይጠብቃሉ፣ ከንጣፉ በላይ ያለው ቦታ ግን ከቀድሞው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ለዓመታት ደረቅ የነበረ ጣሪያ መከላከያ በተጨመረለት በመጀመሪያው የብርድ ወቅት ማንጠባጠብ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከግዢ በፊት የሚጣራው

በቅድሚያ ውሃው ጤዛ ይሁን ፍሳሽ መለየት አለበት። ብርዳማና ጥርት ያለ ሌሊት ባለፈ ማግስት፣ ፀሐይ ክዳኑን ሳታሞቀው፣ ባትሪ ይዞ ወደ ጣሪያው መውጣት ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ከክዳኑ ወደ ውስጥ ዘልቀው በወጡት የሚስማር ጫፎች ላይ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሎ ከታየ፣ ጠብታውም በሰፊው የተበተነ ከሆነ፣ ነገሩ ጤዛ ነው፤ ብረት ሙቀትን ከእንጨት ይልቅ በፍጥነት ስለሚያስተላልፍ ውሃው አስቀድሞ የሚያርፈው ሚስማሩ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ሚስማር ትይዩ፣ በመከላከያው ንጣፍ ላይ፣ ሳንቲም የሚያህሉ ክብ ምልክቶች ይገኛሉ። በአንጻሩ እርጥበቱ በአንድ ስፍራ ብቻ፣ ለምሳሌ በጭስ ማውጫ ዙሪያ ወይም ሁለት ጣሪያዎች በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ያውም ዝናብ ከጣለ በኋላ የሚታይ ከሆነ ጉዳዩ የፍሳሽ ነው፤ ለፍሳሽ ደግሞ የአየር መተላለፊያ አይበጀውም።

ቀጥሎ የሚጣራው እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ነው። የመታጠቢያ ቤት ወይም የወጥ ቤት የአየር ማስወጫ ቱቦ ጣሪያው ሥር ተቋርጦ የቀረ ከሆነ፣ የትኛውንም መተንፈሻ ከማነጻጸር በፊት ቱቦው እስከ ውጭ መዝለቅ አለበት። ቱቦው በቀዝቃዛው ቦታ ሲያልፍ ውስጡ ጤዛ እንዳይቋጥር በሙቀት መከላከያ መጠቅለል ይኖርበታል፤ ቢቻል ቁልቁለቱ ወደ ውጭ ያዘነበለ ይሁን። ከዚያ በኋላ የኮርኒሱ ቀዳዳዎች ይፈተሻሉ። ጭስና አቧራ የተሸከመ አየር በፋይበር ግላስ የሙቀት መከላከያ ውስጥ ሲያልፍ ቆሻሻውን እዚያው ጥሎ ስለሚሄድ፣ ንጣፉን ገለጥ አድርጎ የጠቆረ ቦታ መፈለግ አየሩ የሚሾልክበትን ትክክለኛ ነጥብ ያሳያል። የሚገኘውም ዘወትር በተመሳሳይ ቦታዎች ነው፦ ኮርኒስ ውስጥ በተቀበሩ አምፖሎች ዙሪያ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የውሃ ቧንቧ በሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች፣ በክፍል ማካፈያ ግድግዳዎች አናት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ ጣሪያው በሚወጣበት መሹለኪያ ክዳን ጠርዝ።

በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። በኮርኒስ ክፍተቶች ሾልኮ የሚወጣ አየር ይዞት የሚሄደው እርጥበት፣ በኮርኒሱ ቁስ ውስጥ ሰርጎ ከሚያልፈው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ለመሹለኪያው ክዳን የጎማ ማሸጊያ መለጠፍ፣ የሽቦና የቧንቧ ቀዳዳዎችን መድፈን፣ የሚሞቁ አምፖሎችን ደግሞ እሳት በማያስነሳ ሽፋን መከለል ከአማራጮች ሁሉ ርካሹና ውጤቱ ፈጥኖ የሚታየው ሥራ ነው። ይህን ዘልሎ መተንፈሻ የሚጨምር ሰው የሚያስወጣውን እርጥበት መልሶ መላልሶ ይተካዋል።

በከፈፍ ሥር የሚገባ አየር

ኮርኒሱ ከተደፈነ በኋላ ከመተንፈሻ ዓይነቶች ሁሉ ቅድሚያ የምሰጠው ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ብሎ በሚያበቃበት በከፈፉ በኩል ለሚገባ አየር ነው። ነፋስ አንዱን የቤት ጎን ሲገፋ በሌላው ጎን ደካማ ግፊት ስለሚፈጠር፣ በሁለቱ ተቃራኒ ከፈፎች ላይ ክፍተት ካለ አየሩ የጣሪያውን ሥር ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ የሚበላሽ ተንቀሳቃሽ አካል የለውም፤ ዝናብም በቀላሉ አይገባበትም።

መጠኑን በተመለከተ ቢኤስ 5250 በሚል መለያ የሚታወቀው የብሪታንያ መመሪያ ከ15 ዲግሪ በላይ ቁልቁለት ላለው፣ ኮርኒሱ ላይ መከላከያ ለተነጠፈበት የተለመደ ጣሪያ በሁለቱም ከፈፎች ርዝመት ሁሉ ከ10 ሚሊ ሜትር ተከታታይ ክፍተት ጋር እኩል የሆነ መግቢያ ይጠይቃል፤ ቁልቁለቱ 15 ዲግሪና ከዚያ በታች ከሆነ ክፍተቱ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ኮድ ደግሞ ስሌቱ በስፋት ነው፤ የክፍተቱ ድምር ከጣሪያው ሥር ወለል ስፋት 150ኛ እጅ እንዲሆን ይጠየቃል፣ ክፍተቱ በላይኛውና በታችኛው ክፍል ተመጣጥኖ ሲከፋፈልና ሌሎች ሁኔታዎች ሲሟሉ ደግሞ ወደ 300ኛ እጅ ይወርዳል። ለምሳሌ 10 ሜትር በ9 ሜትር የሆነ፣ ከፈፉ በረጅሙ ጎን የሚሄድ ቤት ቢወሰድ፣ በመጀመሪያው ስሌት ሁለቱ ከፈፎች በድምሩ 0.2 ካሬ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋቸዋል፤ በሁለተኛው ስሌት አጠቃላዩ 0.6፣ ሲቀነስም 0.3 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቁጥሮቹ ባይገናኙም፣ በአገሩ አስገዳጅ ደንብ ካለ እሱ ይቀድማል፤ ከሌለ ግን የትኛውም ስሌት ከግምት ይሻላል።

በገበያ ላይ ያሉት የከፈፍ መተንፈሻዎች በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው። በከፈፉ ሥር ሰሌዳ ላይ ተቆፍረው የሚገቡ ክብ ቀዳዳዎች ርካሽ ናቸው፤ መሰርሰሪያ መያዝ የሚችል ሰው በራሱ ሊገጥማቸው ይችላል። ችግራቸው አንዱ ለብቻው የሚሰጠው ክፍተት ትንሽ መሆኑ ነው፤ ሰዎች በየሁለት ሜትሩ አንድ ገጥመው የጨረሱ ይመስላቸዋል፣ በስሌት ሲታይ ግን ከሚያስፈልገው ጥቂቱን ብቻ ያሟላሉ። ሁለተኛው በሰሌዳው ርዝመት ሁሉ የሚሄድ ቀጭን ፍርግርግ ሲሆን፣ አየሩን በየወራጁ መካከል እኩል ስለሚያዳርስ ሰሌዳው በሚቀየርበት ወይም ቀለም በሚቀባበት ጊዜ የተሻለው ምርጫ ነው። ሦስተኛው አሸንዳው ከሚታሰርበት ሰሌዳ በላይና ከክዳኑ የመጨረሻ ረድፍ በታች የሚገባው ነው፤ ከፈፉ ከግድግዳው ወጣ ላላለ ቤት ይህ ይመረጣል፣ ነገር ግን የታችኛውን የክዳን ረድፍ ማንሳት ስለሚጠይቅ መሰላልና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። በሦስቱም ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ለነፍሳት መከላከያ የሚደረገው ወንፊት ክፍተቱን ስለሚቀንስ፣ በስሌት መግባት ያለበት አምራቹ በእቃው ላይ የጻፈው የተጣራ የአየር ማሳለፊያ ስፋት ነው እንጂ በዓይን የሚታየው የቀዳዳ ስፋት አይደለም።

ብዙ ጊዜ ግን አዲስ ቀዳዳ መክፈት አያስፈልግም። ክፍተቱ ከድሮም ነበረ፤ መከላከያ ሲነጠፍ ሠራተኛው ብርድ እንዳይገባ በማሰብ ንጣፉን እስከ ከፈፉ ጥግ ገፍቶ ወትፎታል። ቀን ላይ መብራት አጥፍቶ ወደ ከፈፉ ጥግ መመልከት ብቻ ይህን ያሳያል፤ በዳርቻው የብርሃን ክር ከታየ መንገዱ ክፍት ነው፣ ድቅድቅ ጨለማ ከሆነ ግን ተዘግቷል። መፍትሔው ንጣፉን ከጥጉ ስቦ ማውጣት ሳይሆን፣ በየሁለቱ ወራጆች መካከል ከፕላስቲክ ወይም ከጠንካራ ካርቶን የተሠራ የአየር መተላለፊያ ትሪ አስገብቶ በንጣፉና በክዳኑ መካከል ያለውን መንገድ ክፍት ማድረግ ነው። ንጣፉ ከጥጉ ከተነሣ የኮርኒሱ ዳር ራቁቱን ይቀርና ጤዛው ከጣሪያው ወደ መኝታ ክፍሉ ጥግ ይዛወራል፤ ከዚያም በክፍሉ ማዕዘን ላይ ሻጋታ ይወጣል።

ከላይ የሚወጣ አየር፦ አናት፣ ክዳን ወይስ ጎን

ከላይ የሚከፈት መተንፈሻ የሚረዳው ከታች የሚገባ በቂ አየር ሲኖር ነው። ሞቃት አየር ከላይ ሲወጣ የሚተካው አየር ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት፤ ከፈፉ ከተዘጋ የሚመጣው በኮርኒሱ ክፍተቶች በኩል ከመኝታ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት ነው። ይህ ሲሆን የጣሪያው ሥር እርጥበት ይጨምራል፣ ለማሞቂያ የወጣው ገንዘብም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ አናት ላይ ብቻ መተንፈሻ እንገጥማለን የሚል ባለሙያ ከታች ስለሚገባው አየር ሳያስረዳ ሥራ መጀመር የለበትም።

ከላይኞቹ አማራጮች መካከል በጣሪያው አናት መስመር ሁሉ የሚሄደው መተንፈሻ የተሻለ ነው፤ አየሩን ከሁሉም የወራጅ መካከሎች እኩል ያወጣል፣ ከመሬት ሲታይም አይለይም። ጣሪያው ከ35 ዲግሪ በላይ ቁልቁለት ሲኖረው ወይም ስፋቱ ከ10 ሜትር ሲያልፍ፣ ከላይ የጠቀስኩት የብሪታንያ መመሪያ ከከፈፉ በተጨማሪ በአናት ላይ ከ5 ሚሊ ሜትር ተከታታይ ክፍተት ጋር እኩል የሆነ መውጫ ይጠይቃል። ክዳኑ በሚቀየርበት ጊዜ ማስገባቱ ቀላል ነው፤ ለዚህ ብቻ አናቱን መክፈት ግን ወጪው ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ከአናቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጥቂት የክዳን ሸክላዎችን አንስቶ በምትካቸው መተንፈሻ ያላቸውን መግጠም ይቻላል። 10 ሜትር ርዝመት ያለው አናት 50,000 ካሬ ሚሊ ሜትር መውጫ ያስፈልገዋል፤ የተመረጠው መተንፈሻ አንዱ 10,000 ካሬ ሚሊ ሜትር የሚሰጥ ከሆነ አምስት ተመጣጥነው ይደረደራሉ ማለት ነው።

በባለ ሦስት ማዕዘኑ የጎን ግድግዳ ላይ የሚገጠም ፍርግርግ ለአጭር ቤትና ነፋስ በቀጥታ ለሚያገኘው ግድግዳ ይሠራል፤ ቤቱ ሲረዝም መካከሉና የከፈፎቹ ጥጎች አየር ሳያገኙ ይቀራሉ። ይህ ፍርግርግ ባለበት ጣሪያ ላይ የአናት መተንፈሻ ሲጨመር አየሩ በፍርግርጉ ገብቶ በቅርቡ ባለው አናት ሊወጣና የታችኛውን ክፍል ሳይነካ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ የከፈፍና የአናት ጥምረት ሲመረጥ የጎኑን ፍርግርግ ከውስጥ መዝጋት ይመከራል።

የሚዞሩና በኤሌክትሪክ የሚሠሩ

ተርባይን ነፋስ ባለበት ቦታ ጥሩ ይስባል። ሆኖም ጤዛ የሚበዛው ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት በመሆኑ፣ መሣሪያው በሚፈለግበት ሰዓት ቆሞ ተራ ቀዳዳ ብቻ ይሆናል።

የኤሌክትሪክ ወይም የፀሐይ ኃይል ማራገቢያ በማስታወቂያ ላይ ከሁሉም የበለጠ ይማርካል። እኔ ግን ለጤዛ በመጨረሻ የምመርጠው እሱን ነው። ማራገቢያው ከከፈፉ ከሚያገኘው አየር በላይ ከሳበ ጉድለቱን የሚሞላው ከቤቱ ውስጥ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ጭሱ በተፈጥሮ ሽቅብ የሚወጣ የጋዝ ወይም የእንጨት ማሞቂያ ካለ ደግሞ ጭሱን ወደ ክፍሉ መልሶ ሊስብ ስለሚችል አደጋው ለሕይወት ነው። በፀሐይ ኃይል ብቻ የሚሠራው በሌሊት አይሠራም። ኮርኒሱ በደንብ ተደፍኖ፣ የታችኛው መግቢያ በስሌት በቅቶ፣ የጣሪያው ቅርጽ ግን ለተፈጥሮ ዝውውር የማይመች ሆኖ ሲገኝ ብቻ በእርጥበት መጠን የሚበራና የሚጠፋ ማራገቢያ ሊታሰብ ይችላል።

ከእሱ የሚለይ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ከጣሪያው ሥር አየር አጣርቶ ወደ መኖሪያው ቀስ ብሎ የሚገፋ ነው። መስኮቶቹ ላይ ጤዛ ለሚበዛበት ቤት የክፍሎቹን እርጥበት ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ወደ ቤቱ የተገፋው አየር በማንኛውም ክፍተት ስለሚወጣ፣ ኮርኒሱ ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ እርጥበቱን ወደ ጣሪያው ይመልሰዋል። እርጥበት መጣጭ መሣሪያን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ አየር በሚተላለፍበት ጣሪያ ሥር ማስቀመጥ የውጭውን አየር ለማድረቅ እንደ መሞከር ነው።

የክዳን ሥር ንጣፍና የቆርቆሮ ጣሪያ

ክዳኑ በሚቀየርበት ጊዜ ሬንጅ የተቀባውን የቆየ ንጣፍ ትነት በሚያሳልፍ ዘመናዊ ንጣፍ መተካት ጥሩ ነው፤ ሆኖም ይህ ንጣፍ ካለ የአየር መተላለፊያ አያስፈልግም የሚለውን የሻጮች አባባል ሙሉ በሙሉ መቀበል አይገባም። ንጣፉ ትነትን የሚያሳልፈው በዝግታ ሲሆን፣ ትነቱም ከንጣፉ በላይ ባለው ክዳን በኩል መውጫ ማግኘት አለበት። በተለይ አዲስ ቤት ሲሆን ሲሚንቶውና ልስኑ በሚደርቁበት በመጀመሪያው ጊዜ የሚለቁት ውሃ ብዙ ስለሆነ፣ በዚህ ንጣፍ ላይ ብቻ የተማመነ ጣሪያ ሊቸገር ይችላል። ክዳኑን ሳይነኩ የቆየውን ንጣፍ ማስተንፈስ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ሁለት የንጣፍ ጥቅልሎች በተደራረቡበት መስመር ላይ ከውስጥ ተሸጉጦ ክፍተት የሚፈጥር የፕላስቲክ ወይም የስፖንጅ ሽብልቅ አለ። መሰላል አይጠይቅም፣ ዋጋውም ቀላል ነው፤ ግን የሚሠራው ከላይ ያለው ክዳን እንደ ሸክላ በመጋጠሚያዎቹ አየር የሚያሳልፍ ሲሆን ነው።

ቆርቆሮ ከሌሎቹ ለብቻው መታየት አለበት። ቀጭን ብረት ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ በመሆኑም ቤቱ ባዶ ቢሆን እንኳ በመተንፈሻው የገባው የውጭ አየር ራሱ ጤዛ ይጥልበታል። እዚህ ላይ ቀዳዳ መጨመር ብቻውን ማንጠባጠቡን አያቆመውም። ከቆርቆሮው ሥር ጠብታውን ተቀብሎ እስከ አሸንዳው የሚያፈስ ንጣፍ መዘርጋት፣ ወይም ከሥሩ ውሃ የሚይዝ ስስ የጨርቅ ንብርብር የተለጠፈበትን ቆርቆሮ መግዛት ያስፈልጋል። ሁለተኛው በሌሊት የያዘውን ውሃ ቀን ላይ በሚተላለፈው አየር ማድረቅ ስላለበት የከፈፉ መግቢያ እዚህም ይፈለጋል፤ የጨርቁ የታችኛው ጠርዝ የዝናብ ውሃ ሽቅብ እንዳይስብ አምራቹ በሚያዘው መንገድ መዘጋቱ ይረጋገጥ።

ኮርኒሱ ራሱ ከክዳኑ ጋር ሲያዘነብል

ጣሪያው ሥር መኝታ ቤት የተሠራ ከሆነና መከላከያው በወራጆቹ መካከል ከገባ ባዶው ቦታ ጠቦ ቀጭን መንገድ ይሆናል። የተለመደው አሠራር ከመከላከያው በላይ 50 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቶ መንገዱን ከታች በከፈፉ፣ ከላይ በአናቱ መክፈት ነው። ይህ የሚሠራው እያንዳንዱ የወራጅ መካከል ከዳር እስከ ዳር ያልተቋረጠ ሲሆን ብቻ ነው፤ የጣሪያ መስኮት ወይም ሁለት ጣሪያዎች የሚገናኙበት ሸለቆ ያቋረጠው መንገድ አየር አያገኝም። ጣሪያው እንዲህ በብዙ ቦታ የተቆራረጠ ከሆነ መተንፈሻ ከማብዛት ይልቅ መከላከያውን ከወራጆቹ በላይ አንጥፎ ከሥሩ ትነት የማያሳልፍ ሽፋን ማድረግ ይመረጣል፤ እንጨቱ በሞቃቱ በኩል ስለሚቀር በሥሩ አየር ማስተላለፍ አያስፈልግም። ውድ ነው፤ ክዳኑ የግድ ሲቀየር ካልሆነም አይታሰብም።

ውጤቱን መለካት

ሥራው ካለቀ በኋላ ሙቀትና አንጻራዊ እርጥበት የሚያሳይ አነስተኛ መሣሪያ አንዱን ጣሪያው ሥር፣ ሌላውን ውጭ በጥላ ማስቀመጥ ይበቃል። በመቶኛው ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል፤ መነጻጸር ያለበት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው የውሃ መጠን ነው። ውጭ 2 ዲግሪና 90 በመቶ ቢነበብ አየሩ 5 ግራም ገደማ ይይዛል። ጣሪያው ሥር 5 ዲግሪና 75 በመቶ ከተነበበ ይህም 5 ግራም ገደማ ስለሆነ መተላለፊያው የሚችለውን ሁሉ እየሠራ ነው። 6 ዲግሪና 95 በመቶ ከሆነ ግን ወደ 7 ግራም ይጠጋል፤ እርጥብ የቆየው እንጨት ገና እየደረቀ ሊሆን ስለሚችል የተወሰኑ ሳምንታት መታገሥ ተገቢ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላም ካልጠበበ ትርፉ ውሃ ከቤቱ ውስጥ እየወጣ ነውና ሌላ መተንፈሻ ከመግዛት በፊት ወደ ኮርኒሱ ቀዳዳዎች መመለስ ያሻል። ከዚሁ ጎን ለጎን በእንጨት እርጥበት መለኪያ ወራጆቹን በተለያየ ቦታ መውጋት ጠቃሚ ነው፤ ንባቡ ለረጅም ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ የሚቆይ እንጨት ለመበስበስ የተጋለጠ ስለሆነ፣ ጥቁረቱን ከማጽዳትና ቀለም ከመቀባት በፊት ከዚያ በታች መውረዱ መረጋገጥ አለበት።